የኤርኮንዲሽነሩ ቦታ፦ «ችግር የለውም» የተባልነው ለየትኛው ግድግዳ ነው?

ጥያቄ፦ ባለ አምስት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኤርኮንዲሽነር ገዝቻለሁ። ባለሙያው ከመኝታ ክፍሌ መስኮት በላይ እንዲሆን መክሮኛል። የቤቱ ባለቤትም ስደውልላቸው «ችግር የለውም» ብለውኛል። ጎረቤቴ ግን «እዚያ ብታስቀምጥ እከስሃለሁ» ትላለች። በምኖርበት ቤት የፈለግሁት ግድግዳ ላይ መስቀል መብቴ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ እንዲህ ያለው ኤርኮንዲሽነር ሁለት ማሽን አለው፦ አንዱ ክፍሉ ውስጥ፣ ሌላው ውጪ። ስለ ውስጠኛው ማሽን ጽፈውልኛል፤ ስለ ውጪው ማሽን ግን አንድ ቃል አላነሱም። በእርስዎ መኝታ ክፍል ውስጥ ለሚሰቀል ነገር ብሎ የሚከስ ጎረቤት የለም። ስለዚህ ኮምፕረሰር (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ያለበት የውጪው ማሽን የታሰበው ከጎረቤትዎ መስኮት አጠገብ ነው ብዬ እገምታለሁ። ማሽኑ የሚያወጣው ውሃ የት እንደሚፈስም አልነገሩኝም። ቅር አይበልዎትና፣ ጠበቃ ሲያማክሩ የማይመችዎትን ነገር አስቀድመው ይንገሩት፤ ክርክሩ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ጠቅላላው ሕግ አጭር ነው። ተከራይ ቤቱን በውሉ መሠረት ይጠቀምበታል፤ የቤቱን አካል የሚነካ ሥራ ግን የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። የብዙዎች በሆነ ሕንፃ የውጪ ግድግዳና ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ንብረት ነው። ጎረቤትም ከልክ ያለፈ ድምፅ፣ ሙቀትና ፍሳሽ እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግና እንደየሕንፃው መተዳደሪያ ደንብ ስለሚለያይ፣ ደንቡንና የኪራይ ውልዎን ይዘው በአካባቢዎ ያለ ጠበቃ ያማክሩ።

እኔን ያሳሰበኝ ያ «ችግር የለውም» የተባለው ቃል ነው። ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው።

ባለቤቱ በስልክ ይህን ሲሉ በሐሳባቸው የመጣው ምናልባት መኝታ ክፍል ውስጥ የተንጠለጠለ ነጭ ሣጥን ይሆናል። የሚሠራው ግን ከዚያ ይበልጣል። ግድግዳው 6.5 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቀዳዳ ከውስጥ እስከ ውጪ ይበሳል፤ 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ማሽን በብረት ብራኬት ውጪ ይንጠለጠላል፤ የመዳብ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የውሃ ማስወገጃ ቱቦ በግድግዳው ላይ ይዘረጋሉ። ነገ ባለቤቱ «እኔ የፈቀድሁት ማሽኑን እንጂ ግድግዳ መብሳቱን አይደለም» ቢሉ በምን ይረቷቸዋል? የስልክዎ መዝገብ መደወልዎን ያሳያል፤ የተባባላችሁትን አያሳይም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ባለቤቱ ከልባቸው ፈቅደው እንኳ የራሳቸው ብቻ ያልሆነውን ሊሰጡዎ አለመቻላቸው ነው። የውጪው ግድግዳ የጋራ ከሆነ የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር ወይም አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለዚያ ፈቃድ የተሰቀለ ማሽን ይነሳ ቢባል፣ የማንሻው፣ የጋዙ፣ ቀዳዳውን የመድፈኑና ግድግዳውን የመቀባቱ ወጪ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ካሰቀለው ሰው ነው። ባለቤቱን መልሰው ለመጠየቅ ቢፈልጉ በእጅዎ ያለው ያ የስልክ ቃል ብቻ ይሆናል። ቤቱን ሲለቁም እንዲሁ ነው፦ ማሽኑን ነቅለው ይውሰዱት ወይስ ለቤቱ ይቅር? ቀዳዳውንስ ማን ይድፈን? የመያዣ ገንዘብ ሳይመለስ የሚቀረው በእንዲህ ዓይነት ያልተጻፈ ነገር ነው።

ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የግድግዳውን ፎቶ በውስጥም በውጪም አንሥተው የማሽኖቹን ቦታ፣ ቀዳዳውንና የውሃውን መውረጃ ምልክት ያድርጉበት። ሥራውን ማን እንደሚሠራ፣ ሲለቁ ማሽኑ የማን እንደሚሆን፣ ውሃ ቢያፈስ ወይም ብራኬቱ ቢላቀቅ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ፤ ቀንና ፊርማ ይኑረው፤ ፎቶውም አብሮ ይፈረምበት። እስከዚያው «በስልክ እንደተነጋገርነው እዚህ ቦታ ቀዳዳ ተበስቶ ይሰቀላል» ብለው ከፎቶው ጋር ለባለቤቱ መልእክት ይላኩ። የሚመጣው መልስ ከስልክ ቃል ይሻላል፤ ፊርማውን ግን አይተካም።

አሁን ወደ ቦታው። ከመስኮት በላይ የሚለው ምክር አልተስማማኝም። በብዙ ሕንፃዎች ከመስኮት በላይ የኮንክሪት ቢም (ሸክም የሚይዝ አግዳሚ) አለ፤ እዚያ የሚገባ ትልቅ መሰርሰሪያ ፌሮ (በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት) ሊቆርጥ ይችላል። ያን ጊዜ ጉዳዩ የተከራይና የአከራይ መሆኑ ቀርቶ የሕንፃውን ደኅንነት የመጉዳት ጉዳይ ይሆናል። ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) እና ቢም አይበሱ። በብሎኬት ግድግዳ ላይም የውጪውን ማሽን በተራ ፊሸር (ቡሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) መስቀል አደገኛ ነው፤ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በየቀኑ ንዝረት ፊሸሩ ይላላል። ማሽኑ ከሦስተኛ ፎቅ ሰው ላይ ቢወድቅ ደግሞ ኃላፊነቱ በገንዘብ ብቻ ላያበቃ ይችላል።

ለውስጠኛው ማሽን የተሻለው ቦታ ከውጪ ጋር በሚዋሰን ግድግዳ ላይ፣ ከቢሙ በታች፣ ከወለል 2 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ከጣሪያው ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ርቆ ነው። ቀዝቃዛው አየር በቀጥታ አልጋው ላይ አይንፋ፤ ከሥሩ ሶኬት ወይም ቴሌቪዥን አይኑር፣ ቱቦው ሲደፈን ውሃው የሚወርደው እዚያው ላይ ነውና። ቀዳዳው ወደ ውጪ በትንሹ ያዘንብል፤ የውሃው ቱቦም በእያንዳንዱ ሜትር 1 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሂድ።

የራስዎ በረንዳ ካለ የውጪውን ማሽን በጎማ እግር ወለሉ ላይ ያስቀምጡት። ከጋራ ግድግዳ ላይ ይወርዳል፤ ወደ ጎረቤት መኝታ የሚተላለፈው ንዝረትም ይቀንሳል። ከኋላው ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር፣ ከፊቱ 60 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ክፍት ይሁን፤ በተዘጋ በረንዳ ውስጥ የራሱን ሙቅ አየር መልሶ እየሳበ ይዳከማል። በሁለቱ ማሽኖች መሃል ያለው የቱቦ ርዝመት በአምራቹ መመሪያ ከተፈቀደው አይለፍ። ይህን መመሪያና የግዢ ደረሰኙን አይጣሉ፤ አምራቹ ያዘዘውን ርቀት ጠብቀው መሥራትዎ በክርክር ጊዜ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ውሃውን አይናቁት። እርጥበት ባለው ሙቀት ማሽኑ በሰዓት 1 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊያወጣ ይችላል። በበረንዳዎ የፍሳሽ መውረጃ ይግባ እንጂ በታችኛው ቤት መስኮት ላይ አይንጠባጠብ።

ጎረቤትዎን የትኛው እንደሚያሳስባቸው ይጠይቋቸው፦ ድምፁ፣ ሙቀቱ ወይስ ውሃው? አዲሱን ቦታ በፎቶ አሳይተው የሚሉትን በጽሑፍ ይቀበሉ። ባለሙያው መብሳት ጀምሮ ከሆነ ዛሬውኑ ያስቁሙት፤ የተሠራውንም ያልተሠራውንም ቀኑ በሚታይ ፎቶ ያንሡ፤ ከዚያም ውሉን፣ የሕንፃውን ደንብና የባለቤቱን መልእክት ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።