ተውኔት ለምታጠኑ ወጣቶች

ስለ አብሰርድ ቴአትር፣ እንግዳና ከአመክንዮ የራቀ ነገር መድረክ ላይ ስለሚያሳየው የተውኔት ዓይነት፣ ስትጽፉ «ጭብጡ የሕይወት ትርጉም አልባነት ነው» ብላችሁ አትለፉ። ዕድሜዬን በሙሉ ተውኔት ሳስተምር ይህን ዓረፍተ ነገር በተማሪዎች ወረቀት ላይ ሳነብ ኖሬአለሁ። ስለ ሁሉም ስለሚባል ስለ አንዱም አይነግረንም። ይልቅ እርሳስ አንሱ። ገጸ ባሕርያቱ የሚከራከሩበትን ነገር በሲሎጂዝም መልክ ጻፉት፦ ሁለት መነሻ፣ አንድ መደምደሚያ።

የጸሐፌ ተውኔቱን የኢዮኔስኮን «አውራሪስ» እንውሰድ። መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ጀርመን፣ ዱሰልዶርፍ ውስጥ ነው። በአንዲት ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ሰዎች አንድ በአንድ አውራሪስ ይሆናሉ። ኢዮኔስኮ ሩማንያዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እዚያው አገሩ የሚያውቃቸው ምሁራን ወደ ፋሺስቶቹ ሲያዘነብሉ በዓይኑ አይቷል።

በመጀመሪያው ገቢር አንድ የሎጂክ አዋቂ ካፌ ተቀምጦ ለአንድ ሽማግሌ ሲሎጂዝም ያስተምራል። ድመት አራት እግር አለው፤ ኢዚዶርና ፍሪኮም አራት አራት እግር አላቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም ድመት ናቸው። ሽማግሌው የእኔ ውሻም እኮ አራት እግር አለው ይላል። እንግዲያው ድመት ነው ይባላል። ቀጥሎ ሶቅራጥስ ይመጣል። ድመት ሁሉ ሟች ነው፤ ሶቅራጥስ ሟች ነው፤ ስለዚህ ሶቅራጥስ ድመት ነው። ሽማግሌው አምኖ ይቀበላል። ለነገሩ ቤቱ ሶቅራጥስ የሚባል ድመት አለው!

ስህተቱ የቅርጽ ነው። ድመት ሁሉ ሟች ነው ማለት ሟች ሁሉ ድመት ነው ማለት አይደለም። ይህን ማንም ይነቃበታል፣ ይስቃል። ብዙ ተማሪዎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ። እባካችሁ አታቁሙ፤ ወደ መጨረሻው ገቢር እለፉ።

እዚያ ዴዚ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ቤራንዤ የሚወዳት ልጅ፣ ምናልባት ጤነኛ ያልሆንነው እኛ ሳንሆን አንቀርም ማለት ትጀምራለች። ንግግሯን በሦስት መስመር ጻፉት፦

ጤነኛ የሚባለው ብዙኃኑን የመሰለ ነው።
ብዙኃኑ አውራሪስ ነው።
ስለዚህ ጤነኛ የሚባለው አውራሪስ የመሰለ ነው።

ቅርጹን ፈትሹት። እንከን የለውም! የበሰበሰው የመጀመሪያው መስመር ነው። እሱን ደግሞ ዴዚ እንዲህ በግልጽ አትናገረውም፤ ከንግግሯ ሥር ፈልቅቃችሁ የምታወጡት እናንተ ናችሁ። የቤራንዤ የሥራ ባልደረባ የዱዳርም ያው ነው። ግዴታዬ አለቆቼንና ጓደኞቼን መከተል ነው ይላል። እነሱ አውራሪስ ሆነዋል። መደምደሚያውን ራሳችሁ ጨርሱት።

ለእኔ የተውኔቱ ጭብጥ ያለው እዚህ ነው። ያሳቀን የድመቱ ሲሎጂዝም ቅርጹ የተበላሸ ነው። ሰውን አውሬ የሚያደርገው ግን ቅርጹ የተስተካከለ ነው፤ ማንም አይስቅበትም፣ ማንም አያስቆመውም። ኢዮኔስኮ መጀመሪያ በቀላሉ የሚታየውን ስህተት አሳይቶ ያዝናናናል። ከባዱን የሚያመጣው ከተዘናጋን በኋላ ነው። የሎጂክ አዋቂውም ቢሆን አልተረፈም። ባርኔጣው በአንድ አውራሪስ ቀንድ ላይ ተሰክቶ ይታያል። (የእሱን ሚና የምትይዙ ተዋንያን፣ አደራ፣ ለማሳቅ አትሞክሩ። ከልቡ የሚያስተምር መምህር አድርጋችሁ ተጫወቱት።)

አሁን ቤራንዤን ሞክሩ። በመጨረሻ ብቻውን ይቀራል። በአውራሪሶቹ ውበት ይቀናል፣ እንደነሱ ለመጮህ ይሞክራል፣ አይሆንለትም። ከዚያ በድንገት እጄን አልሰጥም ይላል። የዚህን መነሻዎች ፈልጉ። ተውኔቱ ውስጥ አታገኟቸውም። ሌሎቹ ሁሉ ምክንያት ደርድረው ሄዱ፤ እሱ ያለ ምክንያት ሰው ሆኖ ቀረ። ሰብአዊነት፣ ነጻነት፣ ፍቅር እያላችሁ መነሻ ልትፈጥሩለት ይቃጣችኋል። አትፍጠሩለት። ደብተራችሁ ላይ ሁለቱን መስመሮች ባዶ ተዉአቸው። መደምደሚያውን ብቻ ጻፉና ወደ ልምምድ ይዛችሁት ግቡ።