የእንግሊዝኛ መደበኛ ግሥ እንዴት ይረባል? ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃንና ከአካባቢዋ ወረዳዎች የቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ። መልሶቹ የሚመለከቱት መደበኛ ግሦችን፣ ማለትም ኃላፊ ጊዜያቸውን በመድረሻቸው ላይ «ኢ» እና «ዲ» የተባሉትን ፊደላት በመጨመር የሚመሠርቱትን ብቻ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃላት የጻፍኋቸው እንደሚሰሙት ነው።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ መምህር፣ ልጄ ቀድሞ በቄስ ትምህርት ቤት ግሥ አውርዷል። እንግሊዝኛውንም በዚያው መንገድ በቃሉ ቢያጠናው ይሻለው ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል» እያለ መዝለቁ ጆሮውንና ትዕግሥቱን አሠልጥኖለታልና አይቆጨዎት። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛ መደበኛ ግሥ ያን ያህል ድካም የሚጠይቅ እርባታ የለውም። በግእዝም በአማርኛም ግሡ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ ሠራሁ፣ ሠራህ፣ ሠራሽ፣ ሠራ፣ ሠራች፣ ሠራን፣ ሠራችሁ፣ ሠሩ እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን ለእነዚህ ሁሉ «ዎርክት» የሚለው አንድ ቃል ይበቃል። ግሡ በጠቅላላው ያሉት መልኮች አራት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ዎርክ፣ ዎርክስ፣ ዎርኪንግ እና ዎርክት ናቸው። ጊዜንና ሁኔታን የሚለዩት በአብዛኛው ረዳት ግሦች ስለ ሆኑ («ዊል ዎርክ»፣ «ኢዝ ዎርኪንግ»፣ «ሃድ ዎርክት») ልጅዎ ትጋቱን ወደ ረዳቶቹ ቢያዞር ይጠቀማል። ባለቤቱንም ፈጽሞ አይተው፤ እኛ «ሠራ» ብለን ዐረፍተ ነገሩን እንዘጋለን፣ በእንግሊዝኛ ግን «ሂ» ወይም «ሺ» ካልቀደመ ማን እንደ ሠራ አይታወቅም።

ጥያቄ (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከመሐል ሜዳ)፦ «ዲድ ዩ ዎርክት?» ብዬ ብጽፍ መምህሬ ሰረዘብኝ። ያለፈ ነገር አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ያለፈ ነው፤ ነገር ግን ኃላፊነቱን «ዲድ» አስቀድሞ ስለ ተናገረ ዋናው ግሥ ወደ መነሻ መልኩ ተመልሶ «ዲድ ዩ ዎርክ?» ይባላል። በአሁን ጊዜም «ሺ ዎርክስ» የነበረው ሲጠየቅ «ደዝ ሺ ዎርክ?» ይሆናል። አሉታውም ይህንኑ ይከተላል።

ጥያቄ (መምህርት፣ ከደብረ ሲና)፦ ተማሪዎቼ የኃላፊ ጊዜውን መድረሻ ሁሉ «ኤድ» እያሉ ያነቡታል። እንዴት ላርማቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ድምፁ ሦስት ዓይነት መሆኑን በጆሮ ያስለምዷቸው። መነሻው «ክ»ን፣ «ፕ»ን፣ «ስ»ን ወይም «ሽ»ን በመሰለ፣ ጉሮሮን በማያነዝር ድምፅ ሲያበቃ መድረሻው «ት» ሆኖ ይሰማል፦ ዎርክት፣ ስቶፕት፣ ዎሽት። ጉሮሮን በሚያነዝር ድምፅ ወይም በአናባቢ ሲያበቃ «ድ» ይሆናል፦ ክሊንድ፣ ፕሌይድ። ተጨማሪ ቀለም (ክፍለ ቃል) የሚፈጠረው መነሻው ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲያበቃ ብቻ ነው፦ ፕላንቲድ፣ ኒዲድ። ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ቢሞክሩት ልዩነቱን ራሳቸው ያገኙታል። በአጻጻፍ ረገድ ደግሞ «ስቶፕ» የመጨረሻ ፊደሉን ይደግማል፤ «ቪዚት» ግን ጫናው በመጀመሪያው ቀለም ላይ ስለ ሆነ አይደግምም። «ትራቭል»ን እንግሊዞች ሲደግሙ አሜሪካውያን አይደግሙምና በዚህ ተማሪ መቅጣት አይገባም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ «ትናንት አጥንቻለሁ» ለማለት «አይ ሃቭ ስተዲድ የስተርዴይ» ስል ስሕተት ነው ተባልሁ። «ሃቭ ስተዲድ» «አጥንቻለሁ» ማለት አይደለም?

መልስ፦ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ቋንቋዎች ተቀራርበው ሳይገጣጠሙ ስለሚቀሩ ነው። አማርኛ «አጥንቻለሁ» ከሚለው አጠገብ «ትናንት»ንም ሆነ «ዛሬ»ን ያለ ቅሬታ ያስቀምጣል። በእንግሊዝኛ ግን ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለው መልክ ድርጊቱን ከአሁን ጋር ስለሚያያይዝ፣ ያለፈና የተዘጋ ጊዜ በስሙ ከተጠራ አብሮት አይቆምም፤ ስለዚህ «አይ ስተዲድ የስተርዴይ» ይባላል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን በ15ኛው መቶ ዘመን መሥርተዋል ብንል አማርኛው ያምራል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ፋውንዲድ» እንጂ «ሃዝ ፋውንዲድ» አይባልም። አንዳንድ መምህራን ይህን መልክ «የቅርብ ኃላፊ» ማለታቸው ነገሩን የሚያድበሰብሰው ይመስለኛል፤ ቅርበት መለኪያው አይደለምና። ድርጊቱ የተፈጸመው ከአምስት ደቂቃ በፊት ቢሆንም እንኳ «ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» ካልን ተራውን ኃላፊ እንጠቀማለን፤ በአንጻሩ ከዐሥር ዓመት በፊት ሥራ ጀምራ እስከ ዛሬ ያልለቀቀች ሴት «ሺ ሃዝ ዎርክት ሂር ፎር ቴን ይርስ» ትባላለች። ለቅቃ ከሆነ «ሃዝ» ይወጣል። በአማርኛ «እዚህ ዐሥር ዓመት ሠርታለች» ስንል ለቅቃ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ግሡ ብቻውን አይነግረንም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ትእዛዝና ዘንድ አንቀጽስ («ይሠራ ዘንድ» የምንለው) በእንግሊዝኛ አለ? «ቢሠራ ኖሮ» የሚለውስ?

መልስ፦ ትእዛዙ ቀላል ነው፤ ሥራ፣ ሥሪ፣ ሥሩ፣ ይሥሩ የምንላቸው ሁሉ «ዎርክ» ናቸው። አክብሮት በግሡ ስለማይገለጥ ታላቅን ሲያነጋግሩ «ፕሊዝ» ወይም «ኩድ ዩ» ያስፈልጋል። «ይሥራ» ለሚለው «ሌት ሂም ዎርክ» እንላለን። ዘንድ አንቀጽን የሚመስለው መልክ ደግሞ ከማሳሰብና ከመጠየቅ ግሦች በኋላ ይመጣል፦ «ዘ ዶክተር ሪኮመንድስ ዛት ሂ ዎርክ ሌስ»፤ እዚህ ላይ ባለቤቱ «ሂ» ሆኖ ሳለ «ኤስ» አለመኖሯ ስሕተት አይደለም። ለአሁኑ ሁኔታ «ቢሠራ ያልፋል» ከማለት ራቅ ያለ፣ የማይጠበቅ ነገር ሲሆን «ኢፍ ሂ ዎርክት፣ ሂ ዉድ ፓስ» ይባላል፤ ግሡ የኃላፊ መልክ ይዞ ስለ ኃላፊ ጊዜ ግን አይናገርም። ፈተናው አልፎ «ቢሠራ ኖሮ ያልፍ ነበር» የምንለው «ኢፍ ሂ ሃድ ዎርክት፣ ሂ ዉድ ሃቭ ፓስት» ነው።

ጥያቄ (ከአረርቲ)፦ «ይሠራል» የሚለው «ዎርክስ» ነው ወይስ «ዊል ዎርክ»?

መልስ፦ ሁለቱንም ይሆናል። «ዘወትር ይሠራል» ከሆነ «ዎርክስ»፣ «ነገ ይሠራል» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ «ዊል ዎርክ» ይሁን፤ የጊዜ ቃሉ ካልተጻፈ ግን ከመተርጎምዎ በፊት ጸሐፊውን ይጠይቁ።