ሮም፦ ከፋኦ ስብሰባ በኋላ በእግር የት ይኬዳል?

ሰላም እህቴ፣ «ሮም ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ለስብሰባ ሄጄ አመሻሹ ላይ ነፃ ነኝ፤ ታክሲ ሳልይዝ ምን ልይ?» ላልሽው፦ ቦታው ራሱ ዕድለኛ አድርጎሻል። ከግቢው ስትወጪ የምታገኚው የፖርታ ካፔና አደባባይ የአክሱም ሐውልታችን እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረው ነው፤ አገሩ የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የፋኦ ሕንፃም ሲጀመር ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነበር፤ ስብሰባው ሲሰለችሽ እሱን አስቢ!

ከዚያ የጥንቱን የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ቺርኮ ማሲሞን (አሁን አብዛኛው ሣር ነው) ዳር ይዘሽ ወደ አቬንቲኖ ኮረብታ ውጪ። ከብርቱካን ዛፎቹ መናፈሻ የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት ማየት ለእኔ ከኮሎሲየም ወረፋ ይሻላል። ሲመሽ ስለሚዘጋ ግን ቶሎ ድረሺ። አጠገቡ ሰው ተሰልፎ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያጮልቅበት የማልታ ባላባቶች በር አለ፤ ሰልፉ ከረዘመ እለፊው።

ታኮ ጫማሽን ሆቴል ተዪው፤ ድንጋይ ንጣፉ አይምርም። ውሃም አትግዢ፣ መንገድ ዳር የሚፈሰው ቧንቧ ይጠጣል።

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካረፍሽ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች የቆመውን መታሰቢያ ሳታዪ እንዳትመለሺ።