ግማሽ ላይ ሲሶ ሲደመር ለምን 2/5 አይሆንም?

እህቴ፣ ልጅሽ 1/2 + 1/3ን 2/5 ብላ መሥራቷ አያስደንግጥሽ። የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ሳስጠና በብዛት የሚገጥመኝ ይሄው ነው። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ይደምሩታል፤ ሙሉ ቁጥር ሲደምሩ ያገኙትን ሁሉ መደመር ስለለመዱ ትክክል ነው የሚመስላቸው። ስለዚህ «መጀመሪያ ታህቱን (የታቹን ቁጥር) አመሳስዪ» እያልሽ ደንቡን ብትደጋግሚላት ብዙም አይረዳትም። መጀመሪያ የራሷ መልስ እንዳይዋጥላት አድርጊ።

«2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» በያት። ያንሳል። ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረንበት እንዴት ከግማሽ አነሰ? እዚህ ጋ ዝም በይ፣ ራሷ ታስብበት። እኔ ሳስጠና ከሁሉም የምወደው ይህቺን ሰዓት ነው።

ከዚያ የግድግዳ ሰዓት አሳያት። ግማሽ ሰዓት ስንት ደቂቃ ነው? 30። ሲሶውስ? 20። በድምሩ 50 ደቂቃ፤ 50/60 ሲቃለል 5/6። ግማሽና ሲሶ መጠናቸው ስለሚለያይ እንዳሉ አይደመሩም፤ ሁለቱንም በደቂቃ ስንቆጥራቸው ግን ቁራጮቹ እኩል ሆኑ። የጋራ ታህት የምንፈልገውም ለዚሁ ነው።

አሁን ደብተር ላይ 3/4 + 5/6 ስጫት። የ4 ብዜቶች 4፣ 8፣ 12፤ የ6 ደግሞ 6፣ 12። ትንሹ የጋራ ብዜት 12 ነው። እዚህ ላይ እጇን ተከታተዪ፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ ታህቱን 12 ያደርግና ላዕሉን (የላዩን ቁጥር) ሳይነካ 3/12 + 5/12 ብሎ ያርፋል። 4 በ3 ከተባዛ ከላይ ያለውም በ3 ይባዛል፣ 9/12። 5/6 ደግሞ ላዩም ታቹም በ2፣ 10/12። ድምሩ 19/12፣ ማለትም 1 ከ7/12። በሰዓት ታረጋግጠው፦ 45 ደቂቃና 50 ደቂቃ 95 ደቂቃ ነው፣ 1 ሰዓት ከ35። 35/60 ደግሞ 7/12 ነው።

«ዝም ብሎ ታህቶቹን ማባዛትስ?» ላልሽው፣ ምንም ስህተት የለውም። 38/24 ይመጣል፣ ሲቃለል ያው 19/12 ነው፤ ቁጥሩ ስለሚተልቅ ብቻ ማቃለሉ ሥራ ይጨምራል። 2/7 + 1/3 ላይ ግን ትንሹ የጋራ ብዜት ራሱ ሁለቱ ታህቶች ሲባዙ የሚመጣው 21 ነው፤ 6/21 + 7/21፣ 13/21። ሰባተኛ በደቂቃ እኩል ስለማይወጣ እዚህ ሰዓቱን ትተወው።

የጋራ ብዜት መፈለጉ አልሄድ ካላት ችግሩ ክፍልፋዩ ላይ ላይሆን ይችላል። የ6፣ የ7 እና የ8 ማባዣን ቀድማችሁ ከልሱ።