ዘይቱ «ተቀየረ» ወይስ «ተለወጠ»?

ጥያቄ፦ «የኮሮላዬን የካምቢዮ ዘይትና ፊልትሮ እቤቴ በገዛ እጄ ቀየርኩ። ይህንኑ ለወዳጆቼ ብጽፍ አንዱ ‹ቀየረ ዐረብኛ ነው፤ ለወጥኩ በል። ካምቢዮም ጣልያንኛ ነው፤ የማርሽ ሳጥን በል። ለመሆኑ አውቶማቲክ መኪና ምን ካምቢዮ አለው?› ብሎ አረመኝ። ማን ነው ልክ? ፊልትሮስ ሲበዛ ፊልትሮች ነው ፊልትሮዎች?» ከሜሪላንድ

መልስ፦ ወዳጅዎ ስለ ትውልዱ አልተሳሳቱም። «ቀየረ» ከዐረብኛው «ገየረ» የመጣ ነው፤ «ለወጠ» ግን የቤት ልጅ ነው። ግዕዙ «ወለጠ» ነበር፤ አማርኛ ሁለቱን ፊደላት አቀያየራቸውና «ለወጠ» አለ። («አቀያየራቸው» ማለቴንም ወዳጅዎ ያርሙኝ።) ከዚያው ሥር «ውላጤ» ይወጣል። ቃል ሥጋ የሆነው ያለ ውላጤ፣ ያለ ቱሳሔ (ያለ መቀላቀል) ነው ሲባል የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ላይ ውላጤ አንዱን አንሥቶ ሌላ መተካት አይደለም፤ ያው ነገር ራሱ ባሕርዩን ትቶ ሌላ መሆኑ ነው። እኔም ከዚህ ተነሥቼ «ለወጠ» ለባሕርይ፣ «ቀየረ» ለምትክ ይሁን እያልኩ ስከራከር ኖሬአለሁ።

መኪናው ሥር የተኛ ሰው ልዩነቱን ከእኔ በላይ ያየዋል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አዲሱ ቀይ ነው። ቀለም የሚገባበት ከሞተር ዘይት እንዲለይና ሲያንጠባጥብ ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ነው። ብዙ ከሠራ በኋላ ይጠቁራል፤ ከባሰበትም የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ያ ዘይት ተለውጧል እንጂ አልተቀየረም! አሮጌ መኪና የሚሸጥልዎ ሰው «የካምቢዮ ዘይቱ ተለውጧል» ቢልዎ በአዲስ ተተካ ማለቱ ነው ወይስ ተበላሸ? «ተቀይሯል» ካለ ጥርጥር የለም። ማርሽስ ቢሆን «ይቀየራል» እንጂ ስንቱ ሹፌር ነው «ማርሽ ለወጥኩ» የሚለው?

ባዕድ ቃል ሁሉ ካልተነቀለ የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ሶማሌ ተራ ያለ ባለሱቅ የሚሸጠው «መለዋወጫ» ነው፤ «መቀያየሪያ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ልብስም ይለወጣል፣ ብርም ይለወጣል። ይባስ ብሎ ግዕዙ «ወለጠ» ራሱ መተካትንም ይጨምራል። ማስረጃው ከእነሱ ጋር መሆኑን ሳልወድ እቀበላለሁ። ቢሆንም «ዘይት ለወጥኩ» ስባል ጆሮዬ የሚሰማው በተአምር ወደ ወይን የተለወጠ ዘይት ነው፤ ስለዚህ «ቀየርኩ» ይበሉ።

ነገሩን ካጠበቅነው ግን እርስዎም ሙሉ በሙሉ አልቀየሩም። ከሥር ያለውን ኮፓ (የዘይቱን መያዣ ሳህን) ከፍተው ሲያፈሱ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ሲሶው ወይም ግማሹ ገደማ ነው፤ የቀረው የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥና ወደ ማቀዝቀዣው በሚሄዱት ቱቦዎች ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። አዲሱ የሚገባው በዚያ ላይ ስለሆነ፣ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝና፣ ሥራው ከውላጤ ይልቅ ለቱሳሔ ይቀርባል። ጠንቃቃ ባለሙያዎች እየነዱ ደጋግመው የሚያፈሱትና የሚሞሉት ለዚህ ነው። መደባለቁም ከዘመዱ ጋር ብቻ ይሁን፤ ቶዮታ አሮጌው ቲ-ፎርና ኋላ የመጣው ደብሊው-ኤስ የተባሉት የካምቢዮ ዘይቶቹ አንዱ ለአንዱ ምትክ አይሆኑም ይላል።

ያልጠየቁኝን ላመስግንዎ፦ «አስቀየርኩ» አላሉም። ጋራዥ ወንበር ላይ ማኪያቶውን እየጠጣ የዋለ ሰው «ዘይት ቀየርኩ» ሲል አማርኛ የሰጠውን «አስ» ሜዳ ላይ ጥሎታል። አስደራጊ ግስ ያለን እኮ እጁን ዘይት የነካውንና ሒሳብ የከፈለውን ለመለየት ነው። እርግጥ ነው፣ ድንጋይ ያላነሣው ሁሉ «ቤት ሠራሁ» እያለ ሲኖር ማንም አልከሰሰውም፤ ልማዱ አምልጦናል።

ወደ ካምቢዮ እንሂድ። በጣልያንኛ «ካምቢዮ» ራሱ «መቀየር» ማለት ነው። ጣልያኑ ከላቲኑ «ካምቢያሬ»፣ ላቲኑም ከጎል ኬልቶች ያገኘው ነው፤ የጥንቱ ሥር ማጠፍን፣ መጉበጥን ያመለክታል። የእንግሊዝኛው «ቼንጅ» በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ የዚሁ ቃል ወንድም ነው። እንግዲህ «የካምቢዮ ዘይት ቀየርኩ» ያለ ሰው ሳያውቀው «የመቀየሪያውን ዘይት ቀየርኩ» ብሏል። ወዳጅዎ በምትኩ ያመጡት «ማርሽ»ስ? እሱም የጣልያኑ «ማርቻ» ነው! ከአንዱ ጣልያን ሸሽቶ ሌላው ቤት ማደር ነው። ጋራዣችን ፍሪሲዮኑንም፣ ካንዴላውንም፣ ኩሽኔታውንም፣ ካቻቢቴውንም በጣልያን ስም ነው የሚጠራው፤ ጣልያኖቹ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፈው ሲወጡ ቃሎቻቸው መፍቻ ይዘው ቀሩ። አውቶማቲክ ካምቢዮ የለውም የሚለው ደግሞ ባዶ ነው። ጣልያኖች ራሳቸው አውቶማቲኩን «ካምቢዮ አውቶማቲኮ» ይሉታል። የጠፋው የፍሪሲዮኑ ፔዳል እንጂ ካምቢዮው አይደለም። እናንተ አገር ያሉ ልጆች «ትራንስሚሽን» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እያሸነፉም ነው፤ እኔ ግን አልረዳቸውም።

«ዘይት» አይደለም፣ «ፈሳሽ» ነው የሚልም አጋጥሞኛል፤ ግፊት ስለሚያስተላልፍ፣ ስለሚያቀዘቅዝም። ቃሉን እስከ ሥሩ ካጠራን ዘይት የወይራ ብቻ ነው፤ ደብረ ዘይት የወይራ ተራራ ነውና። የሞተሩንም የኑጉንም ልንከለክል ነው ማለት ነው? በአሜሪካ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በዚህ ፈሳሽ ውስጥ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይገባበት ነበር፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ነገር ዘይት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ፊልትሮ ላይ ልቤ ይከፈላል። ለእኔ ቢሆን «ማጥለያ» ባልኩት፤ ጠላ የምናጠልበት ቃል እያለ መዋስ ለምን? «ማጣሪያ» የሚሉት አሉ፤ እሱ ግን ነገር የሚጣራበትን ቢሮ ያስታውሰኛል። ሆኖም ጠላው ራሱ «ፊልተር» ተብሎ በሚጠጣበት አገር ክርክሬ ምን ያህል ይራመዳል? ደግሞም «ፊልትሮ» የተወለደው ፈሳሽ ይጠለልበት ከነበረ፣ ተጠቅጥቆ ከተሠራ የሱፍ ጨርቅ ነው። እርስዎ ኮፓውን አውርደው፣ ማግኔቱ ላይ የተለጠፈውን የብረት ብናኝ ጠርገው፣ ያወጡት ፊልትሮ ውስጡ እንደብዙዎቹ አውቶማቲኮች የተጠቀጠቀ ጨርቅ ከሆነ፣ ዛሬ ክሩ ሰው ሠራሽ ቢሆንም ቃሉ ትውልድ ቤቱ ተመልሷል። ሱቅ ሲሄዱ ግን «ፊልትሮ» ይበሉ፤ «ማጥለያ» ካሉ ወደ ዕቃ ቤት ተራ ይልኩዎታል።

ብዜቱ ቀላል ነው፦ በአናባቢ ስለሚያልቅ «ፊልትሮዎች»። ካምቢዮ በአብዛኛው ያለው ኮፓው ውስጥ የተቀመጠ አንድ ፊልትሮ ነው፤ አንዳንዱ መኪና ከውጭ የሚጠመዘዝ ሁለተኛ ይጨምራል። የእርስዎ አንድ ብቻ ከሆነ ብዜቱም አያስፈልግዎትም።