«ትንቢትን አትናቁ» ስለሚል ፈራሁ፤ ገንዘቡን ልላክ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ኩዌት በሰው ቤት ነው የምሠራው። በስልክ በምንጸልይበት ቡድን አንድ ነቢይ ስሜን ጠርቶ፣ «በወንድምሽ ላይ የሞት ጥላ አያለሁ፤ ምልጃ እንዲያዝለት የአንድ ወር ደመወዝሽን በ7 ቀን ውስጥ ላኪ፤ ለማንም አትንገሪ፤ ውልሽንም ትተሽ አገርሽ ግቢ» አለኝ። ቃሉ «ትንቢትን አትናቁ» ስለሚል እንቅልፍ አጣሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ገንዘቡን አትላኪ። አሁን ለወንድምሽ ደውዪ። ደኅና ከሆነ ተመስገን፤ ካመመው ሐኪም ቤት ይሂድ፣ አንቺም ጸልዪለት። ለወንድምሽ ለመጸለይ ክፍያ የሚቀበል አማላጅ አያስፈልግሽም።

ያስፈራሽ ጥቅስ 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20 ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 21 ግን «ሁሉን ፈትኑ፤ መልካሙንም ያዙ» ይላል። መድረክ ላይ የመጀመሪያው ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ሁለተኛው ይዘለላል። ትንቢትን መመርመር መናቅ አይደለም፤ ያዘዘውም ያው ሐዋርያ ጳውሎስ ነው።

ትንቢት ለምን እንደተሰጠ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥3 ይነግረናል፦ ለማነጽ፣ ለመምከር፣ ለማጽናናት። ማነጽ የግንበኛ ቃል ነው፤ መገንባት ማለት ነው። ምክር አንዳንዴ ያማል፣ ስለዚህ ደስ ያላሰኘን ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ፍርሃት ተዘርቶ መፍትሔው በተናጋሪው እጅ ብቻ ሲቀመጥ፣ ከሦስቱ በየትኛውም ውስጥ አይገባም።

በሐዋርያት ዘመን የነበረውን ነቢይ አጋቦስን እንይ። በሐዋርያት ሥራ 11 ከኢየሩሳሌም ወደ አንጾኪያ ወርዶ ታላቅ ረሃብ እንደሚመጣ ተናገረ፤ በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመንም ሆነ። ስንት ብር ይዋጣ የሚለውን ግን እርሱ አልተናገረም። ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው እንደ አቅማቸው ወስነው ሰበሰቡ። የተሰበሰበውን ያደረሱትም በርናባስና ሳውል ናቸው፤ የሰጡትም በይሁዳ ላሉት ሽማግሌዎች ነው። ትንቢቱን የተናገረው ሰው ገንዘቡን ተቀበለ የሚል ቃል የለም።

እንደገና ምዕራፍ 21 ላይ ቂሣርያ፣ በፊልጶስ ቤት እናገኘዋለን። የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የገዛ እጁንና እግሩን አሰረና የመታጠቂያው ባለቤት በኢየሩሳሌም እንዲህ ይታሰራል አለ። «አትሂድ» ግን አላለም። እያለቀሱ «አትሂድ» ያሉት በቤቱ የነበሩት ናቸው፤ በፍቅር ነው ያሉት። ጳውሎስ ግን ሄደ፣ እነርሱም «የጌታ ፈቃድ ይሁን» ብለው ዝም አሉ። ስለዚህ የታየው ነገር አንድ ነው፣ ትርጓሜው ሌላ፣ «እንግዲህ ምን ይደረግ» የሚለው ደግሞ ሦስተኛ። አብዛኛው ስሕተት የሚገባው በሦስተኛው በኩል ነው። ባንቺ ጉዳይ «የሞት ጥላ» ታየ የተባለው ነው። ደመወዙ፣ 7ቱ ቀን፣ ውል ማፍረሱ፣ ዝምታው ግን የሰውየው ትእዛዝ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ «ለማንም አትንገሪ» የሚለው ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29 ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገራሉ፣ ሌሎችም ይለያሉ። ሰሚ ሁሉ ዝም እንዲል ከታዘዘ የሚለይ ማን ቀረ? እኔ በዚህ አንድ ቃል ብቻ እንኳ አልቀበለውም ነበር። ስምሽን መጥራቱም አያስደንቅሽ፤ የቡድኑ አባላት ስም ስልኩ ላይ ተጽፎ ይታያል። በሰው አገር ሆኖ ስለ ወንድም ወይም ስለ እናት የማይሰጋስ ማን አለ?

«ቢፈጸምስ?» ትዪ ይሆናል። ዘዳግም 18፥22 ያልተፈጸመውን የተናገረውን ነቢይ «አትፍራው» ይላል። ዘዳግም 13 ደግሞ ምልክቱ ቢፈጸምም እንኳ ወደ ሌሎች አማልክት የሚመራውን አትስማ ይላል። መፈጸሙ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም።

አሁን የተባልሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ፣ ከነቀኑ ጻፊ። ቃላት በማግሥቱ ይለወጣሉ፤ ሰው የሰማውን ሳይሆን የፈራውን ያስታውሳል። ድምፁ ስልክሽ ላይ ካለ አታጥፊው። ከዚያ አንቺን ለሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት የቤተ ክርስቲያንሽ ሽማግሌዎች አሳዪ። የውልሽን ነገር ከትንቢቱ ለይተሽ ከእነርሱ ጋር በእርጋታ ተነጋገሪ፤ መኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ድንገት ጥለሽ ብትወጪ ሕግ ሊጠይቅሽ ይችላል።

ነቢዩ ደግሞ ከደወለ፣ «ቃሉን ጽፌ ለሽማግሌዎቼ ሰጥቻለሁ፣ እርስዎም ያነጋግሯቸው» በዪው። ለመመዘን ፈቃደኛ ከሆነ ስልካቸውን ስጪው። ከተቆጣና ከረገመሽ ለሽማግሌዎች የምትነግሪያቸው አንድ ተጨማሪ ነገር አገኘሽ ማለት ነው፤ እርሱንም ጽፈሽ ያዢ።