መጀመሪያ ቆሻሻው የት እንደሚሄድ እወቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የዛሬ ስድስት ዓመት ጭንቀት ነው የታወሰኝ። «ሦስተኛ ክፍሎችን ስለ ሪሳይክል፣ ማለትም የተጣለን ዕቃ እንደ አዲስ መልሶ ስለ መሥራት፣ እንዲሁም ስለ አካባቢ ጥበቃ አስተምራለሁ። በፈተና ጥንቅቅ አድርገው ይመልሳሉ። ደወል ሲደወል ግን ወረቀቱም ፕላስቲኩም መሬት ላይ ነው፤ ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው። ያለፍኩበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እኔ ስጀምር ሦስት ቅርጫት ቀለም ቀባን። ሰማያዊው ለወረቀት፣ ቢጫው ለፕላስቲክ፣ አረንጓዴው ለምግብ ትርፍራፊ። ልጆቹ ሥዕል ሣሉበት። ሁለት ሳምንት ያህል በጣም ያምር ነበር። ከዚያ አንዲት ተማሪዬ ከትምህርት በኋላ ቆይታ ኖሮ፣ ሦስቱም ቅርጫት አንድ ጆንያ ውስጥ ሲገለበጥ አየች። በማግስቱ «ቲቸር፣ ታዲያ እኛ ለምንድን ነው የምንለየው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወሬው ክፍሉን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። በሳምንቱ የሚለይ ልጅ ጠፋ። የጽዳት ሠራተኛዋ ምንም አላጠፋችም። የተለየውን የሚቀበል አለ ወይ ብዬ ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቆሻሻው ከግቢያችሁ ወጥቶ የት እንደሚደርስ አጣሪ። ወረቀት የሚወስድ አለ? ጠርሙስስ? ቆርቆሮስ? ተቀባይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ከሆነ እሱን ብቻ ለዩ። እኛ በወረቀት ብቻ ቀረን። ወረቀቱን የሚወስዱትን ሰውዬ ክፍል ድረስ ጋበዝናቸው። እርጥብ ወረቀት እንደሚሻግት፣ ዘይት የነካውን ማንም እንደማይፈልገው በእጃቸው እያሳዩ አስረዷቸው። እኔ አንድ ወር ሙሉ ስለፈልፍ ያልሰሙኝ ልጆች ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅርጫቱ ላይ ውሃ የሚደፋ ጓደኛቸውን ራሳቸው ይቆጡ ጀመር።

ቀጥሎ ቆሻሻውን ክፈቱት። የአንድ ቀን የክፍላችሁን ቆሻሻ ሸራ ላይ ዘርግፊው። ጓንት ይልበሱ፤ ስባሪ ጠርሙስና ስለት ያለው ነገር ካለ አንቺ ቀድመሽ አውጪ። ከመክፈታችሁ በፊት ግን «የትኛው የሚበዛ ይመስላችኋል?» ብለሽ አስገምቻቸው። የእኔዎቹ በሙሉ ፕላስቲክ አሉ። ስንመዝነው ወረቀት ሆነ፤ አብዛኛው ደግሞ አንድ ገጹ ብቻ የተጻፈበት። «ይሄ እኮ ገና አላለቀም!» አለ አንዱ። በዚያው ሳምንት አንድ ገጹ ባዶ የሆነውን እየሰበሰቡ፣ በስቴፕለር እየመቱ የሒሳብ መለማመጃ ደብተር አደረጉት። በየዓርቡ እንመዝን ነበር፤ ክብደቱ ሲቀንስ ደስታቸውን ብታዪ!

እዚህ ላይ ነው ሪሳይክል የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው እንዳልሆነ የገባቸው። ብዙዎቻችን ልጆችን «ለዩና ጣሉ» ብለን እናቆማለን። ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ ሪሳይክል የተደረገው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 12 በመቶው ተቃጠለ፤ የቀረው ተቀበረ ወይም ሜዳ ላይ ቀረ። ከፍ ላሉት ተማሪዎች ይህንን ንገሪያቸው፤ ይችሉታል። ፕላስቲክ ሥር ያለችውን ቁጥር የያዘች ሦስት ማዕዘንም አሳዪያቸው። ምልክቷ የፕላስቲኩን ዓይነት ነው የምትናገረው፤ «ይህ በእርግጥ ሪሳይክል ይሆናል» ማለት አይደለም። 1 የውሃ ጠርሙስ፣ 2 ደግሞ ወፍራሙ የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ላይ ይገኛል። እኔም አስተማሪ ሆኜ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ወረቀት ራሳችሁ ሥሩ። የተጻፈበትን ወረቀት ቀዳዳችሁ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ፍጩት፣ በወንፊት አጥልሉት፣ ጨርቅ ላይ ጠፍጥፋችሁ አድርቁት። የሚወጣው ግራጫና ሻካራ ነው። «ነጩ የት ሄደ?» ይሉሻል፤ ያን ጊዜ ስለ ቀለሙ ታወሪያቸዋለሽ። ወረቀት የተሠራባቸው ቀጫጭን ክሮች በየዙሩ እያጠሩ ስለሚሄዱ ወረቀት ከ5 እስከ 7 ጊዜ ገደማ ብቻ እንደሚመላለስ፣ አልሙኒየም ግን ደጋግሞ ቢቀልጥም እንደማያልቅ፣ ከማዕድኑ አዲስ ከማምረት 95 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚቆጥብ እዚያው ንገሪያቸው። በወንፊቱ የፈሰሰውን ውሃ በባልዲ አጠራቅመሽ አሳዪያቸው። መልሶ መሥራትም ውሃና ድካም እንደሚፈልግ በዓይናቸው ይዩት።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛው፣ ቆሻሻ ማንሳትን ቅጣት አታድርጉት። ያረፈደ ልጅ ግቢ እንዲለቅም በሚታዘዝበት ትምህርት ቤት ማንም ልጅ ወረቀት አያነሳም፤ ማንሳት የጥፋተኛ ሥራ ነው ብለን ያስተማርነው እኛው ነን። እናንተ ጋ እንዲህ ከሆነ፣ የጥያቄሽ ግማሽ መልስ እዚህ ነው ያለው። አንቺም መሬት ላይ ያየሽውን ዝም ብለሽ አንሺ፤ ያዩሻል። ሁለተኛው፣ አታስፈራሪያቸው። አንድ እናት «ልጄ ምድር ልትጠፋ ነው እያለ እንቅልፍ አጣ» ብላኝ በጣም ደነገጥኩ። ይህን ያመጣሁት በማጋነን ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእጁ ሊያደርገው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው መሸከም ያለበት።

ቅርጫቱ የት እንዳለም እዪ። የእኛው ግቢው ጥግ ነበር። በር ላይ ስናደርገው መሬት ላይ የሚጣለው ወዲያው ቀነሰ፤ ምንም ስብከት አላስፈለገም።

በአንዲት ቀላል ሙከራ ጀምሪ። አፈር በሞላ ባልዲ ውስጥ ቅጠል፣ ወረቀትና የፌስታል ቁራጭ ቅበሩ። ምልክት አድርጉበት፣ አልፎ አልፎ ውሃ አጠጡት። በሁለት ወር ገደማ ስንቆፍረው ቅጠሉ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሏል፣ ወረቀቱ ተቦጫጭቋል፤ ፌስታሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አሁንም ይነበብ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። በዚህ ሳምንት ከቀበራችሁት መንፈቀ ዓመቱ ሳያልቅ ይደርስላችኋል።